የቡናው አገርና የፓተንቱ ወረቀት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት የተመደበልን ርእስ «ፓተንት፣ አዲስ ፈጠራና ገበያው» የሚል ነው። ሲሰሙት የጠበቆችና የባለፋብሪካዎች ጉዳይ ይመስላል እንጂ ተማሪን የሚነካ አይመስልም። እኛ ግን ነገሩን ከሩቅ አገር ፋብሪካ ሳይሆን ከካፋ፣ ከቦንጋ ከተማና በዙሪያዋ ካለው ደን ልንጀምረው መርጠናል። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው ዐረቢካ የሚባለው ቡና ዋነኛ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በካፋ ደን ውስጥ ቡና ዛሬም ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2002 ዓ.ም. ካፋን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ጽፎታል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም የተሠራው በዚያው በቦንጋ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው። ለዓለም ቡናን ያበረከተ አገር፣ በቡና ላይ ከተገኘው ዕውቀትና ዕውቀቱ ካመጣው ገንዘብ ስንት ደረሰው? አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ነገር ግን ተረቱን ጠቅሶ ማዘን ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ልጁ ለምን እንደተጠማ መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ፓተንት ምን እንደሆነ እንስማማ። እንበልና በቦንጋ የሚኖር አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ ኮረሪማን ጭስ ሳይነካው በአጭር ጊዜ የሚያደርቅ ምድጃ ሠራ። ምድጃው እስኪሳካለት ድረስ ሁለት ዓመት ደክሟል፤ ብዙ ቆርቆሮም አበላሽቷል። ምድጃው ለገበያ በወጣ በሳምንቱ ግን ጎረቤቱ ፈታቶ አይቶ ያንኑ ይሠራል። ጎረቤቱ የሁለቱን ዓመት ኪሳራ ስላልከፈለ አርክሶ ይሸጣል፤ የመጀመሪያው ሰው ከገበያ ይወጣል። ይህን ያየ ሦስተኛ ሰው «መፍጠር ምን ያደርግልኛል? ሌላው እስኪፈጥር ልጠብቅ» ይላል። ሁሉም ጠባቂ በሆነበት አገር ደግሞ የሚፈጥር አይገኝም። የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችን ዕውቀትን ለማግኘት ውድ፣ ለመቅዳት ግን ርካሽ የሆነ ሀብት ነው የሚሉት ስለዚህ ነው።

ፓተንት ለዚህ ችግር የተበጀ ውል ነው። መንግሥት ለፈጣሪው «ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ምስጢርህን ጽፈህ ስጠኝ፤ እኔም ለተወሰነ ዘመን ያላንተ ፈቃድ ማንም እንዳይሠራውና እንዳይሸጠው እከለክልልሃለሁ» ይለዋል። ዘመኑ ሲያልቅ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። የቬኒስ ከተማ ይህን ዐይነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1474፣ እንግሊዝ ደግሞ በ1624 አውጥተዋል። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል።

ይህ ዐሳብ ለካፋ ሕዝብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በካፋ ልማድ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ። አንድ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ ድንበሩ የታወቀ ክፍል ይኖረዋል፤ በዚያ ክፍል ቀፎ የሚሰቅለውና ቡና የሚለቅመው እርሱ ነው፤ ሌላው አይነካበትም። የራሱ እንደሆነ ስለሚያውቅም ይጠብቀዋል። በኮቦና በፓተንት መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ኮቦ ጠብቆ ላቆየ ሰው የሚሰጥ መብት ነው፤ ፓተንት አዲስ ነገር ለጨመረ ሰው የሚሰጥ መብት ነው። የዛሬው ንግግራችን በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ካፋ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠባቂ ነበረች፤ የዓለም ሕግ ደግሞ የሚከፍለው ለጨማሪ ነው።

ይህን በሦስት ታሪኮች እናስረዳ።

የመጀመሪያው ታሪክ የጀርመን ነው። ሉድቪግ ሮዜሊዩስ የሚባል የብሬመን ከተማ የቡና ነጋዴ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ካፌይንን ከቡና ፍሬ የማውጣት ዘዴ አገኘ። ፍሬው በጨው ውኃ እንፋሎት ይርሳል፤ ከዚያም ቤንዞል በሚባል ኬሚካል ካፌይኑ ይታጠባል። ዘዴው ፓተንት ተሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1906ም «ካፌ ሐግ» የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። ቤንዞል ለጤና ጎጂ መሆኑ ስለታወቀ በዚያ ኬሚካል መሥራት ከቀረ ቆይቷል፤ የፓተንቱም ዘመን ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስሙ ግን ዛሬም በጀርመን ሱቆች መደርደሪያ ላይ አለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ፓተንቱ የተሰጠው ለቡናው ሳይሆን በቡናው ላይ ለተሠራው ሥራ ነው። ሁለተኛም ፓተንት ይሞታል፤ የታወቀ የንግድ ስም ግን ባለቤቱ እስከጠበቀው ድረስ አይሞትም።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ አገራችን ያቀርበናል። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የላከው የቡና ጥናት ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በያኔው የካፋ ጠቅላይ ግዛትና በሌሎችም የቡና አገሮች እየተዘዋወረ የቡና ዘር ሰበሰበ። ከተሰበሰበው ዘር ወደ ኮስታሪካ ተላከ፤ ከኮስታሪካም ወደ ብራዚል አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ 3000 ያህል ዛፎችን መርምረው በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ቡና የሚያፈሩ 3 ዛፎች ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አስታወቁ። የተለመደው ዐረቢካ ቡና ከመቶ 1.2 ያህል ካፌይን ሲኖረው በነዚህ ዛፎች ፍሬ የተገኘው ከመቶ 0.07 ያህል ነበረ። ሮዜሊዩስ በፋብሪካ የሠራውን ሥራ የኢትዮጵያ ደን አስቀድሞ ሠርቶት ኖሯል ማለት ነው።

ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ቁጣ ተነሣ። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን በቅን እንመልከተው። ዘሩ ሲወጣ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። እያንዳንዱ አገር በሕያው ሀብቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለውና ከጥቅሙም ሊካፈል እንደሚገባው የተነገረበት የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ወደ ኋላም አይሠራም። ዘሩ ከደረሳቸው በኋላ ደግሞ ብራዚሎች ተክለውታል፤ አርመዋል፤ ቆጥረዋል፤ ፍሬውን አንድ በአንድ መዝነው በላቦራቶሪ መርምረዋል። የግኝቱ ክብር የተጻፈው ለዚህ ሥራ ነው። የነርሱ ልፋት ተቆጠረ፤ የካፋና የጎረቤቶቿ ገበሬ የብዙ መቶ ዓመት ጥበቃ ግን አልተቆጠረም። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ «ሰረቁን» ብለን በአንድ ቃል የምንዘጋው ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው ታሪክ የጌሻ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጌሻ አካባቢ የተለቀመ ዘር በምሥራቅ አፍሪካ በኩል አልፎ ወደ ኮስታሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ደረሰ። በፓናማ ለብዙ ዘመን ምርቱ ትንሽ ነው ተብሎ ከሌላ ቡና ጋር እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የቡና እርሻ ፍሬውን ለብቻው ለቅሞ፣ ለብቻው አጥቦ፣ ለብቻው በጨረታ ቢያቀርበው አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓናማ ጨረታ አንዱ ፓውንድ ጌሻ 1029 ዶላር አውጥቷል። ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ፓተንት የሚባል ነገር የለም። ዋጋውን ያመጣው መለየት፣ መቅመስ፣ መጻፍና በስም መሸጥ ነው። ስሙም የኛው የጌሻ ስም ነው፤ ግን ብዙ ጠጪዎች የጃፓን ዘፋኝ ሴቶች መጠሪያ ይመስላቸዋል።

ከነዚህ ታሪኮች በኋላ በጓደኞቻችን መካከል የሚሰሙትን ሁለት ዐሳቦች እንመርምር።

አንደኛው ወገን «ፓተንት የባዕዳን መዝረፊያ ነውና አያስፈልገንም» ይላል። ይህ ወገን ማስረጃ አያጣም። ከቡና ወጣ ብለን የጤፍን ነገር ብናይ፣ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከጤፍ ዱቄትና ከርሱ ለሚሠሩ ምግቦች እ.ኤ.አ. በ2003 የፓተንት ማመልከቻ አገባ፤ በ2005 ከኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ጋር ጥቅም ለመካፈል ተዋዋለ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው፤ በ2009 ከሰረ። ከውሉ ለኢትዮጵያ የደረሰው 4000 ዩሮ ያህል ብቻ ነው። ፓተንቱ ለሌላ ኩባንያ ተላልፎ ቆየና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ውስጥ ዋጋ እንዳይኖረው ፈረደ፤ ምክንያቱም የፈጠራ ደረጃ የሚያሰጠው አዲስ ነገር የለበትም የሚል ነበረ። ይህ ታሪክ የፓተንትን ክፋት ብቻ አይደለም የሚያሳየን። አስቀድሞ የተጻፈና የታተመ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ባዶ ፓተንትን በፍርድ ቤት መመለስ እንደሚችል ያሳየናል። እናቶቻችን ስለ ጤፍ የሚያውቁት ሁሉ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ገና ከመርማሪው ጠረጴዛ ሳያልፍ በቀረ ነበር።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እንግዲያው ሁሉን ነገር እኛው ፓተንት እናውጣበት» ይላል። ይህም አይሆንም። በመጀመሪያ የኛው አዋጅ ለዕፅዋት ዝርያ ፓተንት አይሰጥም፤ የደን ቡናን ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም፤ ይህም መልካም ነው። ሁለተኛም ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። በአሥር አገር ለማስከበር በአሥር አገር ማመልከት፣ ማስተርጐም፣ ለጠበቃ መክፈልና በየዓመቱ ግብር መገበር ያስፈልጋል። ሦስተኛም ፓተንት ከልካይ ወረቀት እንጂ ገዥ የሚያመጣ ወረቀት አይደለም። ከላይ ያየነው የጤፍ ኩባንያ ፓተንት በእጁ ይዞ ነው የከሰረው።

እንግዲያው ለካፋ የሚጠቅማት ምንድን ነው? በእኛ ዐሳብ አራት ነገሮች ናቸው፤ አራቱም ከተማሪ ዐቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛው ስም ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩም ዓለምን አነጋገረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ስሞቹን በፈቃድ ለመጠቀም ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ። ከሦስቱ ስሞች መካከል ካፋ አልነበረም። ዛሬ የካፋ የደን ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን አላቸው፤ በአውሮፓም በካፋ ስም የሚሸጥ የደን ቡና አለ። ነገር ግን ስም በማስመዝገብ ብቻ ሀብት አይሆንም። አንድ ነጋዴ የሌላ አገር ቡና ቀላቅሎ «ካፋ» ብሎ በሸጠ ቁጥር ስሙ ይረክሳል። ስለዚህ የሕግ ተማሪው ስሙን የሚያስከብረውን ደንብ፣ የእርሻ ተማሪው የጥራቱን ልክ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪው የዋጋውን ክፍፍል አብረው ቢያጠኑት ከመቶ ተራ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበልጣል።

ሁለተኛው ትንንሽ ፈጠራ ነው። አዋጁ ከፓተንት ሌላ የግልጋሎት ሞዴል ለሚባለው አነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ ይሰጣል። ይህ እንደ ፓተንት ከፍ ያለ የፈጠራ ደረጃ አይጠይቅም፤ አዲስና በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ከሆነ ይበቃል። ዘመኑም 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። በቡና ማድረቂያ አልጋ፣ በማር ማጥለያ፣ በእንሰት መፋቂያ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ እዚህ ሊገባ ይችላል። ቆርቆሮ ሠራተኛችን ሰው ቢያሳየው ኖሮ ምድጃውን በዚህ መንገድ ሊያስጠብቀው ይችል ነበር። በሌላ በኩልም በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ የውጭ ፓተንት በኢትዮጵያ ውስጥ የከልካይነት ኀይል የለውም፤ ዘመኑ ያለፈበትማ በዓለም ሁሉ ነጻ ነው። ጽሑፎቹም ታትመው ለሕዝብ የተገለጡ ናቸው። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ተከፍቶ ሳለ ደጁን አለመርገጥ አይገባም።

ሦስተኛው ጽሑፍ ነው። ብዙ ተማሪና ብዙ ተመራማሪ ወደ ካፋ ሄዶ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ዘር ያያል፤ መድኃኒት ቅጠል ይጽፋል። ከዚያም ወረቀቱ በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል፤ ለተጠየቀው ገበሬ የሚመለስለት የለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት የማኅበረሰቡ መሆኑን፣ ዘርም ሆነ ዕውቀት ያለ ፈቃድ መውሰድ እንደማይቻል፣ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው የጥቅም ድርሻም 50 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንደሚገባ ይናገራል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። ያልተጻፈ ዕውቀት ግን ማስረጃ ስለማይሆን መብቱን የሚጠይቅበት አንደበት የለውም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ደኑ ራሱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የሚበቅለው ዐረቢካ ቡና አብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ከጥቂት ዛፎች የተወለደ ስለሆነ አንድ በሽታ ሲመጣ በአንድነት ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የጅማ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፈልገው ያገኙት በነዚሁ በደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው፤ ዛሬ በስማቸው ፈንታ በቁጥራቸው የሚጠሩት እንደ 74110 ያሉት ዝርያዎች የመጡት ከዚያ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የኢኮኖሚክስ ጥናት የኢትዮጵያ የደን ቡና ዘር ለዓለም የሚሰጠውን ጥቅም አስልቶ፣ የወደፊቱ ገንዘብ በ5 በመቶ ሲቀነስ 1458 ሚሊዮን ዶላር፣ በ10 በመቶ ሲቀነስ 420 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ይህን ያህል ተራራቁ? የሩቁን ዘመን ንቆ ለሚያይ ሰው ደኑ ይረክስበታል፤ ለልጅ ልጁ ለሚያስብ ሰው ይከብድለታል፤ ሒሳቡ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

በካፋ ያለው ገበሬ ግን ከነዚህ ሚሊዮኖች አንዱንም በእጁ አይዝም። ደኑን መንጥሮ በቆሎ ቢዘራ ወይም ባሕር ዛፍ ቢተክል ገቢው የርሱ ነው። ደኑን ቢያቆየው ጥቅሙ ለብራዚልና ለኮሎምቢያ እርሻ፣ ለብሬመንና ለኒው ዮርክ ጠጪ ይሄዳል። ልጆቹን ማስተማር ያለበት ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ የስሙም፣ የፈጠራውም፣ የጽሑፉም ነገር መድረሻው አንድ ነው፤ ቆሞ ያለ ደን ከተቆረጠ ደን የበለጠ ለጠባቂው እንዲከፍል ማድረግ ነው። የጨመረን ብቻ ሳይሆን የጠበቀንም የሚከፍል ሥርዓት ካልተበጀ፣ ነገ በሽታ ሲመጣ የሚፈለገው ዛፍ በደኑ ውስጥ አይገኝም፤ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ያለ ፓተንት ሁሉ አንድ የቡና ችግኝ መልሶ ሊያበቅል አይችልም።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሦስት ዐሳብ እናቀርባለን። ስለ ካፋ የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ቅጅ በአማርኛ ከተጻፈ ማጠቃለያ ጋር ወደ ቦንጋ እንዲላክ። ከተማሪዎች የሚወጡ ትንንሽ ፈጠራዎች በግልጋሎት ሞዴል እንዲመዘገቡ የሚረዳ ከሕግና ከኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ እንዲቋቋም። መምህራኖቻችንም ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ዘር ወይም ቅጠል ከመላካቸው በፊት የአዋጁ ፈቃድ መኖሩን ለተማሪዎቻቸው እያሳዩ እንዲያስተምሩን። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አያስወጡም፤ ብዙ ሥራ ግን ይጠይቃሉ።

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ካፋ በእጇ ያለው ወርቅ መሆኑን ዓለም ከኛ አስቀድሞ መዝኖ አውቆታል። አሁን ሚዛኑን መያዝ የኛ ተራ ነው።